የኔታ «አልቀመጥም» ያሉበት ጠዋት

ጽጌረዳዋን የተከልኳት ወንድ ላጠምድባት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰቆጣ ውስጥ ሌላ የሚያወሩ ስላሉ ነው። ወሬ ደግሞ በእኛ አገር ያለ ውሃም ይበቅላል።

ስሜ ማስተዋል ነው። ያን ጊዜ፣ በ1996 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከከተማው በታች ባለው ችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ በጥቁር ላስቲክ የተተከለ የግራርና የወይራ ችግኝ ሳጠጣና ሳርም እውላለሁ፤ አመሻሽ ላይ ቤቴ ስገባ ደግሞ የራሴን አጠጣለሁ። የተከራየኋት ግቢ ሁለት አልጋ ቢዘረጋባት ሦስተኛው አይገባም። ውሃው ከቦኖ ተሰልፈን በጀሪካን የምንቀዳው ስለሆነ እህል ያጠብኩበትም ሆነ እግሬን የተለቃለቅሁበት፣ ሳሙና ካልነካው፣ ወደ ጽጌረዳዋ ሥር ይሄዳል። ወገቤን ያመኛል። የማያመኝ ቀን መቼ እንደነበር ዘንግቼዋለሁ።

ጽጌረዳዋን ያመጣት ዲያቆን ምስክር ነው። በ1989 ዓ.ም. ደሴ ደርሶ ሲመለስ፣ ከአንዲት ጡረታ ከወጡ መምህርት አጥር ላይ ሦስት ቁራጭ ለምኖ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኑ ላይ ታቅፎ አመጣቸው። ያሰባቸው ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ነበር። ሁለቱን ፍየል በላቸው። ሦስተኛዋን ችግኝ ጣቢያ ይዞ መጣና «እባክሽ እህቴ፣ ይቺ እንኳ አትሙትብኝ» አለኝ። እጁ በእሾህ ተቧጭሮ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው። ቀና ብዬ ዓይኑን ያየሁት ቆይቼ ነው፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ቁራጯ ሥር ያዘች። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር እስኪጠገን ድረስ እኔ ዘንድ ትቆይ ተባለ። አጥሩም ሳይጠገን እሷም ሳትሄድ ሰባት ዓመት ሆነ። ከባሕር ዛፍ አጠና ርብራብ ሠርቼ ግድግዳው ላይ አቆምኩላት። ምስክር ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። በዘመነ ጽጌ አበባዋን ለእመቤታችን ሥዕል ይወስዳል፤ በሌላው ጊዜ ደግሞ ቅርንጫፏን አብረን እናስራለን። ሽቦ ልጧን ስለሚቆርጣት የምናስረው በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ነው። «ቀጥ ብላ ከወጣች አናቷ ላይ ብቻ ታብባለች፤ አጋድመሽ ካሰርሻት ከየአንጓዋ ታወጣለች» ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እሱን ደግሞ የደሴዋ መምህርት። እውነትም በአራተኛው ዓመት ግድግዳውን አልብሳ በበሩ ላይ ዞረች። ነጭ ናት፤ ልቧ ላይ ብቻ ትንሽ ትቀላለች።

በሰባት ዓመት ውስጥ ከጽጌረዳዋ በቀር ስለ ሌላ ነገር አውርተን አናውቅም። አቋቋም ሊማር ጎንደር ሁለት ዓመት ሲቀመጥ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ። የግብርና ባለሙያ እንኳ እንደዚያ አይጽፍም። «አሮጌውን ቅርንጫፍ እንዳትቆርጪ፤ የዘንድሮ አበባ የሚወጣው ከአምናው እንጨት ነው።» «ፍጉን ከግንዷ አርቂው፣ ያቃጥላታል።» የሁሉም መጨረሻ ግን አንድ ነበር፤ «በጣም አትድከሚ» ይላል። ፍጉን ዘልዬ ይህችን ቃል ብቻ ያነበብኩበት ሌሊት ብዙ ነው።

ለምን አልተነጋገራችሁም የሚል ሰው ካለ አገሩ ሌላ ነው። እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ደሃና ወረዳ ተዳርኩ። ባልየው የአባቴ እኩያ ነበር። አራት ወር ቆይቼ ጠፋሁ፤ ሁለት ቀን በእግሬ ተጉዤ ሰቆጣ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ፈት ነው። ዲያቆን ደግሞ ፈት ካገባ ድቁናው ይፈርሳል፤ ቅስና አያገኝም፣ ዳግመኛም መቅደስ አይገባም። ምስክርን ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት መምህሩ የኔታ ወልደ ኢየሱስ ናቸው። እናት አባት የሌለውን ልጅ ሃያ ዓመት አብልተው ያስተማሩት ቄስ ሆኖ ወንበራቸውን እንዲወርስ ነው። ስለዚህ እኛ ስለ አንጓና ስለ ፍግ እናወራለን።

በዚያ ጥቅምት ገበያው ሌላ ወሬ ይዞ ነበር። ለምስክር ከደሃና የቄስ ልጅ ተገኝታለች፤ ከጥምቀት በኋላ በተክሊል አግብቶ ይቀስሳል ይባላል። እሱም ሁለት ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ። ጽጌረዳዋ ምን ገዷት፣ በሩን እስክትሸፍን አበበች። እያንዳንዷን እንቡጥ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ሰው በአበባ ይናደዳል? እኔ ተናድጃለሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ማለዳ ጀሪካኔን ይዤ ልወጣ ስል የኔታ ወልደ ኢየሱስ በሬ ላይ ቆመዋል። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመዋል፤ በአንድ እጃቸው ጭራ፣ በሌላው መቋሚያ ይዘዋል። በሰባት ዓመት ግቢዬን ረግጠው አያውቁም። ጀሪካኑ ከእጄ ወደቀ።

«እንዴት አደሩ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሮጬ በርጩማ አወጣሁ፤ በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ አስጠጋሁላቸው። «አረፍ ይበሉ።»

«አልቀመጥም።»

«ኧረ በማርያም! ይኸን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ትንፋሽዎን እንኳ—»

«ቆሜ ነው የምናገረው።»

ፊቴ ጋለ። ፈት ቤት መቀመጥ ተጸይፈው ነው፣ አልኩ በሆዴ። በርጩማዬ ያረክሳል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጸየፈኝ ችዬ ኖሬያለሁ፤ ያን ጠዋት ግን አቅም አልነበረኝም።

«በምስክር ጉዳይ ነው የመጣሁት» አሉ የኔታ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር...»

«ሰምቻለሁ የኔታ።»

ቀና አሉ። «ሰምተሻል?»

«ገበያው ሁሉ ሰምቶታል፤ እኔ ምን ልዩ አደረገኝ?»

«እንግዲያ ከሰማሽ ጥሩ። ቃል ማስረዘም አይሆንልኝም። መልስሽን ንገሪኝ።»

መልሴን! ልቀቂው ሊሉኝ መጥተው፣ ጭራሽ መልስ ከእኔ ይፈልጋሉ! የመግረዣ መቀሴ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። አወረድኩት። ከበሩ በላይ ካለው ጀመርኩ። አበባውን፣ እንቡጡን፣ ያጋደምነውን ቅርንጫፍ፣ ያሰርንበትን የነጠላ ቅዳጅ፣ አዲሱን አሮጌውን ሳልል ቆረጥኩ። እጄ ደማ፤ አላቆምኩም።

«ልጄ! ምን ሆነሻል? ተይ፣ ስሚኝ—»

«መልሴ ይኸው። ለሠርጉ ይሁነው፣ ዳሱን ያልብሱበት።» ያገኘሁትን ሁሉ እቅፍ አድርጌ ክንዳቸው ላይ ጫንኩት። «ካሁን ወዲያም በዚህ በር እንዳይመጣ። አልፈልገውም ብላለች ይበሉት። ሰባት ዓመት አበባ ወስዷል፤ የቀረ የለም።»

ሽማግሌው እሾህ እንደታቀፉ ቆሙ። «እኔም ደክሞኛል፣ ልጄ» አሉ በቀስታ። ዞረው ዳገቱን ሲወጡ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አያቸው፤ ጥምጥማቸው ከአበባው በላይ ብቻ ይታያል። እኔ ባዶው ርብራብ ሥር ቆሜ ቀረሁ። እንባ እንኳ አልመጣልኝም፤ እንባም ጉልበት ይፈልጋል።

ያከራዩኝ እትዬ እናትነሽ ከዋናው ቤት ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡ። መጀመሪያ በኽምጣኛ ነው የሰደቡኝ፤ ሲናደዱ አማርኛው ይጠፋቸዋል።

«ምን አደረግሽ አንቺ? ሽማግሌ እንዲህ ነው የሚመለስ?»

«የምን ሽማግሌ?»

«ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ ነዋ! ጉዳዩ ሳይሰማለት ሽማግሌ የት አገር ይቀመጣል? አንቺን የዳሩሽ ጊዜ አላየሽም?»

«ጓዳ ደብቀውኝ ነበር።»

ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ሽማግሌ ለልጃገረድ አባት ይላካል፤ ለእኔ ቢጤ ማን ይልካል? ቢላክስ ሦስት ሆኖ ነው የሚመጣው። ይህንኑ አልኳቸው።

እትዬ እናትነሽ ዓይናቸውን ሰበሩ። «አብሯቸው ማን ይምጣ? ዲያቆን ከማዕረጉ አውርዶ ፈት የሚለምን ማን አለ? ሁለት ሰው ጠይቀው ሁለቱም እምቢ አሏቸው። አንዱ የኔው ባል አጥናፉ ነው። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ፤ እንግዲህ ብቻቸውን አይመጡም ብዬ። የደሃናዋን ልጅማ ምስክር አላገባም ብሎ ወር አልፎታል አሉ።»

በርጩማዋ እዚያው ነበረች። ተቀመጥኩባት። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው እኔን ብሎ ለመነ፤ እኔም እሾህ አሸክሜ ሰደድኩት። ከሀፍረቴ ይልቅ የጎዳኝ ብቻቸውን መምጣታቸው ነው።

የኔታ ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። በሩ ክፍት ነበር። አበባዬ በሙሉ ማድጋ ውስጥ ተነክሯል። የኔታ መደብ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ምስክር ፊታቸው ተንበርክኮ በመርፌ እሾህ ያወጣላቸዋል። ከጎኑ መጻሕፍቱ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ተቀምጠዋል። አየኝና መልሶ አቀረቀረ። ፊቱ ከስቷል።

«ይኸው መጣች» አሉ የኔታ። «ደግሞ ምን ቀረሽ፣ ጥምጥሜን ልትቆርጪ ነው?»

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። «ይቅር ይበሉኝ። ሽማግሌ መሆንዎን አላወቅሁም። አልቀመጥም ሲሉኝ የተጸየፉኝ መሰለኝ። ሊለያዩን የመጡ መሰለኝ።»

ምስክር መርፌውን እንደያዘ ደርቋል።

«ተጸይፌሽ አይደለም» አሉ የኔታ። «ደስ ብሎኝም አልመጣሁም፤ ውሸት አልነግርሽም። ይህን ልጅ ሃያ ዓመት ለመቅደስ ነው ያሳደግሁት። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ልገዝተው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ረቡዕ ዕለት ልብሰ ተክህኖውን አጥፎ መለሰ። የወደቀ ወደቀ፤ ሽማግሌ እንኳ ሳይላክለት እንደ ውሻ ይግባ ልበል? አባቱ እኔ ነኝ።» መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «እኔ ደጅ ነኝ። ሰባት ዓመት ምን ስታወሩ እንደከረማችሁ አላውቅም፤ ዛሬ ጨርሱት። ልጁ ነገ በደሴ አውቶቡስ ሊሄድ ቆርጧል፣ በአንቺ መልስ።»

ብቻችንን ቀረን። ምስክር ማድጋውን አየ፤ አንዱን ቅርንጫፍ አወጣና በጣቱ ዳበሰው።

«አሮጌውንም ቆረጥሽው?» አለ። «ለከርሞ እኮ አበባ—»

«ስለ ጽጌረዳዋ አንድ ቃል ጨምር፣ እዚሁ ጮኬ ሰፈሩን እሰበስብብሃለሁ!»

ደነገጠ። እኔም በራሴ ደነገጥኩ፤ ግን አፌ አንዴ ተከፍቷል። «ሰባት ዓመት! ሰባት ዓመት ስለ አንጓ ስትነግረኝ፣ እኔም አዎ ዲያቆን፣ እሺ ዲያቆን ስልህ። በየሳምንቱ ዓርብ ቀሚሴን እያጠብኩ። ድቁናህን ስትመልስ እንኳ ከሰው ልስማው? ደክሞኛል ምስክር። ውሃ መቅዳቱ አይደለም ያደከመኝ። አንተን መገመት ነው ያደከመኝ።»

«ሽማግሌ ሳልልክ ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለ። «አንቺን አንድ ጊዜ ሳይጠይቁ ሰጥተውሻል። እኔ እንኳ በሥርዓት ላስጠይቅሽ ብዬ ነው። ሁለት ሳምንት ሽማግሌ ፍለጋ ዞርኩ፤ ሁሉም እምቢ አለኝ። ባዶ እጄን መጥቼ ዓይንሽን ማየት አቃተኝ።»

«እኔ በዚያ ሁለት ሳምንት ሞቻለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔም።» ቅርንጫፉን አስቀመጠ። ከዚያ በሰባት ዓመት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ዓይኔን ሳይሰብር አየኝ። «እወድሻለሁ ማስተዋል። ችግኝ ጣቢያ ያን ዕለት አፈር በአፈር ሆነሽ ቀና ስትዪ ነው የወደድኩሽ። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር መጠገን እችል ነበር። አንድ ቀን ሥራ ነው። እንዳይጠገን የጸለይኩ ዲያቆን እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ሳቄ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው ቀደመው። ያን ጠዋት እምቢ ያለኝ እንባ ሁሉ አሁን መጣ። እጄን ሊይዝ እጁን ዘርግቶ እሾህ የቀደደውን ሲያይ ተወው። ጣቴን ብቻ በጣቱ ነካ።

«ቤቴ ማረፊያ እንዳይመስልህ» አልኩት። «የውሃ ወረፋ ነው፣ የቀን ሥራ ነው፣ የሰው አፍ ነው። አንድ ቀን ይቆጭሃል።»

«እንጃ። ይቆጨኝ ይሆናል። አሁን የያዘኝ ፍርሃት ነው።»

«ምን ያስፈራሃል?»

«እምቢ እንዳትዪኝ።»

ከዚህ በላይ መቋቋም አልቻልኩም። ወደ ደጅ ወጣሁ። የኔታ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ያን ቀን ያረጁ መሰሉኝ። «የኔታ፣ እባክዎ እንደገና ይጠይቁኝ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ፤ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ልጄ ምስክር ቤት የለው፣ መሬት የለው፣ ከእንግዲህ ማዕረግም የለው። ትዳር ይሁነኝ ብሎ ልኮኛል። ምን ትያለሽ?»

በአሥራ ሦስት ዓመቴ ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም። «እሺ» አልኩ። ቃሉ በጣም ትንሽ ሆነብኝ።

የኔታ መሬት ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸውን በጭራቸው ከልለው ቆዩ። የደስታ ይሁን የሐዘን አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም የሚያውቁት አልመሰለኝም።

በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ ሄድን። ለየብቻ ነው የገባነው፤ እኔ በሴቶቹ በኩል፣ እሱ በወንዶቹ። ሃያ ዓመት በመቅደሱ በር የገባ ሰው ያን ቀን ከምእመኑ መሃል ቆመ። ነጠላውን እንደ ማንኛውም ሰው አጣፍቷል። ሰዎች ቦታ ሲለቁለት በአክብሮት ይሁን በሽሽት መለየት አልቻልኩም። እኔ ከወዲያ ማዶ ሆኜ ልቤ በደስታ ይመታ ነበር። የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ይላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደዚያ ማሰብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ልቤ ግን አልሰማኝም።

ከዚያ ከመጋረጃው ውስጥ ሌላ ዲያቆን «ተንሥኡ ለጸሎት» አለ።

ያችን ቃል ሰቆጣ የሚያውቃት በምስክር ድምፅ ነው። ሕመምተኛ እንኳ ቤቱ ተኝቶ በሩቁ ሲሰማት ይነሣላታል። የአዲሱ ዲያቆን ድምፅ ቀጭን ነበር፤ መሃል ላይ ተሰበረ። ምስክርን አየሁት። ከንፈሩ ቃሏን አብሮ አለ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብሎ ሲመልስ እሱ አልመለሰም። ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር። ደስታዬ አሳፈረኝ። እኔ ያገኘሁት ሰው ምን እንደጎደለበት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሲበተን ከዋርካው ሥር አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል። ሰው እያየን ያልፋል፤ አንዳንዱ ቆም እያለ።

«ቆጨህ?» አልኩት።

ይዋሸኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሊያጽናናኝ ይዋሻል፣ እኔም ያመንኩ እመስላለሁ፣ ትዳራችን በዚያ ይጀምራል ብዬ።

«አዎ» አለ። «በጣም።»

«ተመለስ ብልህስ?»

«ድቁናው አይመለስም እንጂ ቢመለስም አልመለስም።» እንባው እንደገና ወረደ፤ አልደበቀውም። «ዝም ብለሽ አጠገቤ ቁሚ። ዛሬ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።»

አጠገቡ ቆምኩ። የነጠላዬን ጫፍ አንሥቼ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ፊቱን ጠረግሁለት። ከኋላችን አንዲት ሴት «ፈቷ» ስትል ሰማሁ። ሰምቶ እጄን ያዘ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝም፣ ስለ እሱ አዝኜም ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ያን ቀን አላወቅሁም።